በትሩ ቆሞ እራት የለም

ባለፈው ጥቅምት የልጄ ልጆች ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለን እንደር ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ከውሃው በላይ በእግር የሚወጣ ጫካ አለ፤ መቅዘፍ ለፈለገ ቢጫና ቀይ ጀልባ ተደርድሯል፤ ሲመሽ ደግሞ እሳት አንድዶ ዙሪያውን መቀመጥ ነው። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን ሰው ደህና አልጋውን ቤቱ ትቶ መጥቶ መሬት ላይ በመተኛቱ እንዲህ ሲፈነጥዝ ሳይ ሳቄ መጣ። እኔ የእግር መንገዱንም፣ ቀዘፋውንም፣ ሜዳ ማደሩንም በአሥራ አንድ ዓመቴ ጨፋ ላይ ጠግቤዋለሁ።

ጀልባዎቹ ከሚነሱበት ቦታ አንድ ዘበኛ ደብተር ይዞ ተቀምጧል። ወደ ውሃው የሚገባ ሁሉ ስሙን ያስጽፋል፤ ሲመለስ ከስሙ ጎን ጭረት ይደረግለታል። ትልቁ የልጅ ልጄ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሰው ውሃ ላይ ቀርቶ እንዳይረሳ ነው ሲል አስረዳኝ። ጆሮዬ ደህና ነው፤ ነገሩም አዲስ አልሆነብኝም። ልመልስለት ስል ነፋሱ ከዳር የታጨደ የእርጥብ ፊላ ሽታ አመጣ። ፊላ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ረጅሙ ሣር ነው፤ ሽታው ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ የበሰበሰ፣ ትንሽም የጭቃ ነው። መልሱን ትቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

አሥራ አንድ በሞላኝ በዚያ ዓመት ክረምቱን ሙሉ ትክትክ ይዞኝ ከርሞ ነበር። ሳሉ ሲተወኝ ሥጋዬን ይዞት ሄደ። ቤታችን ከሚሴ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር፤ አባቴ ጨውና ላምባ ይሸጣል፤ ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጣሊያን ጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራውና ጭሱ ቤት ገብቶ ሳሌን ይቀሰቅሰዋል። አንድ ቀን እናቴ ለጎረቤታችን «ይቺ ልጅ የምትተርፍልኝ አይመስለኝም» ስትል ሰማኋት። እያለቀስኩ አልሄድኩባትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ስንት ዓመት እንደቀረኝ ማሰብ ጀመርኩ።

አዳዳ ፋጤ የመጣችው ያኔ ነው። እኛ ዘንድ የአባትን እህት አዳዳ ነው የምንላት። በጋ በገባ ቁጥር ላሞቿን ይዛ ወደ ጨፋ ረግረግ ትወርዳለች። ልጅቷን ስጭኝና ወተት ጠጥታ ትመለስ አለቻት እናቴን። እናቴ ውሃውን ፈራች፤ አዳዳ ፋጤ ደግሞ ከውሃው ይልቅ የዚህ መንገድ አቧራ እንደሚገድለኝ ተናግራ ነገሩን ዘጋችው። እንዲህ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ከብቷን ራሷ የምታዝ፣ ወንዶቹ እስኪከራከሩ ዝም ብላ ጠብቃ መጨረሻ ላይ የምትናገር ሴት።

እኔም ቀላል አልነበርኩም። በዚያው ዓመት ፊደል ቆጥሬ ጨርሼ ነበርና ከእኔ በላይ አዋቂ ያለ አይመስለኝም።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ተነሳን። አራት አህያ፣ አሥራ ሦስት ላም፣ ጥጆች፣ ምንጣፍ፣ ድስትና እኔ። መንገዱ በታጨደ ማሽላ መሃል ነው፤ የአገዳው ጉቶ ቁርጭምጭሚት ይቧጭራል። የቦርከናን ወንዝ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ተሻገርን። አዳዳ ፋጤ ልታዝለኝ ጎንበስ ስትል በእግሬ ነው የምሄደው አልኳት፤ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፣ ግን በእግሬ ተሻገርኩ።

ረግረጉ ስንደርስ አዘንኩ። ከሚሴ ላይ ጨፋ ባሕር ሆኗል ሲባል ስለምሰማ እንደ ትሪ የተዘረጋ ውሃ ነበር የጠበቅኩት። ያየሁት እስከ አድማስ ድረስ ሣር ነው። ውሃው የታለ ብዬ ሦስት እርምጃ ወደ ፊት ስሄድ እስከ ጭኔ ሰመጥኩ። አዳዳ ፋጤ በክንዴ ጎትታ አወጣችኝና ከእግሬ ላይ ሁለት አልቅት ነቀለች። «ይኸው፣ አገኘሽው» አለችኝ።

ሰፈራችን ደረቅ ከፍታ ላይ ነበር፤ ከጎበጠ እንጨትና ከፊላ ምንጣፍ የተሠሩ ጥቂት ዳሶች፣ መሃሉ ላይ የከብት በረት። ሌሊት እንቁራሪቶቹ አንድ ላይ ሲጮሁ ከሩቅ ያለ ቁርአን ቤት መስሎኝ፣ እነዚህ ልጆች መቼ ነው የሚተኙት ብዬ ጠይቄ ሰፈሩን ሁሉ ለሳምንት አሳቅኩት። ጧት ጧት በወይራ የታጠነ ቅል ሙሉ ወተት ይሰጠኛል፤ ጠጥቼ ስጨርስ አዳዳ ፋጤ የቅሉን ውስጥ አይታ ነው የምትለቀኝ። ወር ሳይሞላኝ ጉንጬ ሞላ። እኔ ግን እናቴ ያለችውን አልረሳሁም ነበር።

ሰፈሩ አንድ ሕግ ነበረው። ወደ ውሃው የሚገባ ሰው፣ ሣር ለማጨድም ሆነ የሰመጠች ጥጃ ለማውጣት፣ መጀመሪያ በትሩን ዳር ላይ ይተክላል። ሲመለስ ነቅሎ ይዞት ይገባል። ፀሐይ ገብታ መግሪብ ደርሶ በትር ከቆመ ሰው ውሃ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው፤ ያ ሰው እስኪገኝ ድረስ በሰፈሩ ምግብ የሚቀምስ የለም። ከሶላት በኋላ ዳሩን አይቶ የሚናገር አንድ ሰው አለ፤ በዚያ በጋ አዳዳ ፋጤ ነበረች። ዞር ብላ ታይና «ባዶ ነው፤ ብሉ» ትላለች። ያኔ እጅ ሁሉ ወደ ማዕዱ ይዘረጋል። ከእሷ በኋላ ደግሞ ዳሩን ዞሮ የሚያይ የለም፤ አንዴ ታይቷላ።

እያንዳንዱ በትር ላይ የባለቤቱ ምልክት ተቀርጿል፤ አንዱ ላይ ሁለት ቀለበት፣ አንዱ ላይ የከብት ቀንድ የመሰለ። እኔ ፊደል አዋቂዋ ሁሉንም ፊደል ናቸው ብዬ ደመደምኩ። የአባ እንድሪስ በትር ላይ ያሉት ሦስት ጭረቶች «ሠ» ለመጻፍ ተሞክሮ የተበላሸ መሰለኝ፤ ሄጄ አንቱ፣ ፊደሉ ተሳስቷል አልኳቸው። አባ እንድሪስ በትራቸውን አገላብጠው በጥሞና አዩት። አንቺ መጥተሽ እስክታርሚው ነበር የምንጠብቀው አሉኝ። ስቀውብኝ እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

አባ እንድሪስ ከሰፈሩ ሁሉ በዕድሜ የገፉ፣ ቀጭን፣ ነጭ ጥምጣም ከራሳቸው የማይለይ ሽማግሌ ነበሩ። ልጆቻቸው ባቲ ስለሚኖሩ ዳሳቸው ውስጥ ብቻቸውን ነበር የሚያድሩት። ታንኳ የሚሠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ዳር ዳሩን በእግሩ ይገባል፤ እሳቸው ግን ደረቅ ፊላ በቃጫ ገመድ እያሰሩ ታንኳ ያበጁና እስከ መሃል ይዘልቃሉ። ለዳስና ለምንጣፍ የሚሆነው ረጅሙ ፊላ ያለው እዚያ ነው።

የፊላ ታንኳ ውሃ ይጠጣል፤ ገብቶ በወጣ ማግስት ፀሐይ ካልጠገበ ይከብዳል፣ ከከበደ ይሰምጣል። የእኔ ሥራ እሱን ማድረቅ ነበር፤ ጧት በሆዱ፣ ከቀትር በኋላ በጀርባው ማገላበጥ። አንድም ቀን አልረሳሁም። ለዚህ ይመስለኛል በተረፈው ፊላ ለእኔ አንዲት ትንሽ ታንኳ የሠሩልኝ፤ እኔን ከጫነች ሌላ ድመት እንኳ የማትጨምር። በረጅም እንጨት መሬቱን እየወጋሁ መግፋት አስተማሩኝ። «ኢንታላ ኮ፣ ውሃውን አትግፊው፤ ውሃ ይሸሻል። መሬቱን ግፊ» ይሉኝ ነበር። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። በዘጠኝ ቀን ቻልኩበት። በፊላው መሃል ያለውን መሄጃም በቃሌ ያዝኩት፤ መጀመሪያ የደረቀ ግራር ያለበት ጠመዝማዛ፣ ቀጥሎ ዳክዬዎቹ የሚፈለፍሉበት፣ ከዚያ ጉብታው። ከጉብታው ወዲያ ብቻዬን እንዳልሄድ ተከልክያለሁ።

አሁን ስለ ምርቃቱ መናገር አለብኝ፤ ጥፋቱ ከዚያ ነው የመጣው። ሽማግሌ ከውሃ ወጥቶ እግሩ መሬት ሲነካ በትሩን ነቅሎ ወስዶ ዳሱ ደፍ ላይ የሚያስቀምጥለት ልጅ ይመረቃል። አባ እንድሪስ እጃቸውን አናታችን ላይ አድርገው፣ እንትፍ እንትፍ ብለው፣ ዕድሜሽ ይርዘም ይላሉ። እኔ ይህን ነገር እንደ እህል የሚጠራቀም አድርጌ ነበር የተረዳሁት፤ አንድ ምርቃት፣ አንድ ዓመት። ለሌላው ልጅ ጨዋታ ነው፤ ለእኔ ግን እናቴ የቆረጠችብኝን ዕድሜ መልሶ መግዣ ነበር። ችግሩ ሉባባ ነበረች። ሉባባ የጎረቤት ዳስ ልጅ፣ እግሯ እንደ ሽመላ የረዘመ፣ ሁልጊዜ ቀድማኝ የምትደርስ። በየካቲት አጋማሽ እሷ አሥራ አራት ምርቃት ነበራት፣ እኔ ዘጠኝ። አንድ ቀን እንኳ ታማ የማታውቅ ልጅ አሥራ አራት ዓመት ምን ታደርግበታለች እያልኩ እበሳጭ ነበር።

በየካቲት ማለቂያ አንድ ቀን ከጧት ጀምሮ ሰማዩ በደሴ በኩል ጠቆረ። ሽማግሌዎቹ የበልጉን ዝናብ እያዩ፣ ደጋው ላይ ከጣለ ቦርከና ደራሽ ውሃ ይዞ ይመጣል፣ ነገ ከብቱን ወደ ዳገቱ እናወጣለን ተባባሉ። አባ እንድሪስ ግን የቆረጡት ፊላ መሃል ላይ ታስሮ ስለቀረ፣ ደራሹ ሳይወስደው ላምጣው ብለው በትራቸውን ተክለው ገቡ።

አሱር፣ የከሰዓቱ ሶላት፣ ካለፈ በኋላ ዳር ላይ ሄጄ ቆምኩ። ያን ቀን ለሉባባ ልሰጣት አልፈለግኩም። የቀሩት ሰዎች አንድ በአንድ ወጥተው በትራቸውን ነቀሉ፤ የቆመው የአባ እንድሪስ ብቻ ነበር። ሉባባ ከበረቱ በኩል ብቅ ስትል አየኋት። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ከፊላው በላይ ነጭ ጥምጣም ታየኝ። ቀስ እያለ ይመጣል፣ ጎንበስ ይላል፣ ቀና ይላል፤ አባ እንድሪስ ሲገፉ ልክ እንደዚያ ነው። እግራቸው መሬት እስኪነካ ብጠብቅ ሉባባ ትደርሳለች። ነቀልኩት። እየሮጥኩ ወስጄ ዳሳቸው ደፍ ላይ አጋደምኩትና አዳዳ ፋጤ ጥጃ አስሪ ብላ ስለጠራችኝ ሄድኩ። ምርቃቱን ከሶላት በኋላ እወስዳለሁ አልኩ፤ የራሴ ነውና ማንም አይነካብኝም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን እህል አልነበረም።

መግሪብ ተሰገደ። አዳዳ ፋጤ ዳሩን ዞራ አየች። «ባዶ ነው፤ ብሉ» አለች። የማሽላው ቂጣ ተቆርሶ ወተት እየፈሰሰበት ሳለ እኔ ምርቃቴን ልወስድ ወደ አባ እንድሪስ ዳስ ሮጥኩ። በትሩ ደፉ ላይ እንዳጋደምኩት ነበር። ሰው ከገባ ያነሳዋል እንጂ ተሻግሮት አያልፍም። ታንኳው ከሚደርቅበት ቦታ ዞርኩ፤ ሣሩ ተጋድሞ የቀረበት ምልክት እንጂ ታንኳ የለም።

ወደ ዳሩ ወረድኩ። ጥምጣሙ እዚያው ፊላው ላይ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ስማቸውን ጠራሁ። ጥምጣሙ ቀና አለ፣ አንገት አወጣ፣ ክንፉን ዘርግቶ ተነሳና በረረ። ነጭ ወፍ ነበር፤ ጨፋ ላይ ከላም በላይ የሚበዛው ዓይነት።

መጀመሪያ ያደረግኩትን ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል፤ በትሩን አምጥቼ በነበረበት ጉድጓድ መልሼ ተከልኩት። ማንም ሳያውቅ ይታያቸዋል፣ ይነሳሉ፣ ይፈልጓቸዋል፣ እኔም ከነገሩ ንጹሕ እሆናለሁ አልኩ። ጠማማ አድርጌ ነበር የተከልኩት፤ ጎኑ ቆሜ ጠበቅኩ። ማን ይዙር? አዳዳ ፋጤ አንዴ አይታለች። ሰዎቹ ወደ ትሪው ጎንበስ ብለው ቢስሚላሂ እያሉ ነው። አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ሰው ዘወር በል እያልኩ በልቤ ለመንኩ። ሰማዩ በደሴ በኩል አጉረመረመ።

ወደ እሳቱ ሄድኩ። «አትብሉ» አልኩ። ድምፄ ከራሴ የወጣ አልመሰለኝም። «የአባ እንድሪስን በትር እኔ ነቅዬው ነው። እሳቸው አልወጡም።»

ሰው ሁሉ ቂጣውን እንደያዘ ቀረ። አንዱ ሽማግሌ ላ ኢላሃ ኢለላህ አሉ። ሉባባ አፏን በእጇ ያዘች። አዳዳ ፋጤ ተነሳች፤ ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታችኝም።

«መቼ ነው የነቀልሽው?»

«አሱር እንዳለፈ።»

ባዶ ነው ያለችው እሷ ነበረች። ይህ ነገር በፊቷ ላይ ሲያልፍ አየሁት፤ ያን ጊዜ ዱላው በቀለለኝ ነበር።

ወንዶቹ እስከ ደረታቸው ገብተው ሞከሩ፤ ጭቃው አላስኬዳቸውም። ትልቁ ታንኳ ከአባ እንድሪስ ጋር ነው፤ የቀረችው የእኔዋ ናት። ይቺን ታንኳ ማን ይሄድባታል ተብሎ ክርክር ሲነሳ፣ ከእኔ በቀር የምትሸከመው ሰው እንደሌለና መሄጃውንም የማውቀው እኔ መሆኔን ተናገርኩ። ድፍረት ብለው ይጥሩት፤ ለእኔ የማውቀውን መናገር ብቻ ነበር። አዳዳ ፋጤ የወንድሟን ልጅ፣ ያውም ከትክትክ የተረፈች ልጅ፣ ወደዚያ ውሃ መላክ ነበረባት። እንደ ልማዷ ሰው ሁሉ እስኪጨርስ ጠበቀች። ከዚያ የሰፈሩ ጥጃ ሁሉ እንዲፈታ አዘዘች። የጥጆቹን ገመድ አንዱን ከአንዱ ቋጥረው አንድ ረጅም ገመድ አደረጉትና ጫፉን ታንኳዬ ላይ አሰረችው፤ ሌላውን ጫፍ ወገቧ ላይ ጠመጠመች። «ስጠራሽ ካልመለስሽልኝ እስባለሁ» አለችኝ።

ገና ፊት የሚለይ ብርሃን ነበር። መሬቱን ገፋሁ። ከኋላዬ በኦሮምኛ «ጅርታ?» ትለኛለች፣ አለሽ ወይ እያለች። «ጅራ» እላለሁ፣ አለሁ። ጅርታ፣ ጅራ፤ ጅርታ፣ ጅራ። የደረቀውን ግራር አለፍኩ። ፊላው ከሁለት ወገን ፊቴን ይገርፈኛል፣ ትንኙ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። የወፎቹ ጩኸት ቆሞ ነበር፤ ያን ነው የፈራሁት። ዳክዬዎቹ ያሉበት ስደርስ ታንኳዋ ቀጥ አለች። ገመዱ አልቋል።

ሳቡኝ ብል ይስቡኛል። ጉብታው ግን ከዚያች ጠመዝማዛ ቀጥሎ ነበር። ገመዱን ከታንኳዬ ፈታሁትና ወፍራም የፊላ ነዶ ላይ አሰርኩት፤ አባ እንድሪስ ባስተማሩኝ አስተሳሰር፣ ሲስቡት በሚጠብቀው። «ጅራ!» ብዬ ሳትጠራኝ ጮህኩና ገፋሁ።

ጉብታው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ራሳቸው ባዶ ነበር፤ ጥምጣማቸውን ፈትተው ጉልበታቸውን አስረውበታል። የታንኳቸው ማሰሪያ ተበጥሶ ግማሹ ሰጥሟል፤ ሲዘሉ እግራቸው ታጥፎባቸዋል። ወባው ተነስቶባቸው ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ጥርሳቸው ሲጋጭ ይሰማል። የነገሩኝ የመጀመሪያ ነገር «ኮቱ» ነው፤ ነይ። ሁለተኛው ደግሞ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

«ከዚህ ዳሩ ይታያል» አሉኝ በእጃቸው እያሳዩ። እውነትም በፊላው መሃል ባለ ክፍተት የሰፈራችን እሳትና የዳሩ ጭቃ ይታይ ነበር። «በትሬ ቆሞ ሳየው አብሽር፣ ይመጣሉ እል ነበር ለራሴ። ከዚያ አንቺ መጣሽ፤ ነቀልሽው። ጮህኩ። ነፋሱ ወደ እኔ ነበር።»

እኔ ምርቃቴን ይዤ ስሮጥ እሳቸው እዚህ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር ማለት ነው። ማልቀስ ጀመርኩ። «አውፍ በሉኝ» ብዬ ይቅርታ ለመንኳቸው። አውፍታውን መጀመሪያ እንድረስና እናገኘዋለን አሉኝ፤ ውሃውንም አሳዩኝ። ጧት ጥቁር የነበረው ቀልቶ አረፋና ጭራሮ ይዞ ይመጣ ነበር። ደራሹ ጉብታው ላይ እስኪወጣ ብዙ አይቀረውም።

ከትልቁ ታንኳ ደህና የቀረውን ነዶ ወደ ታንኳዬ ጎን አስጠጋሁ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ እሳቸው በአፍ ይነግሩኛል፣ እኔ አስራለሁ፤ ከላይ አሳልፊ፣ ከሥር መልሺ፣ በጉልበትሽ ጫኚው። አስሬ ስጨርስ ሳቡና አዩት። ምንም አላሉም፤ ካልጠበቀ ዝም አይሉም ነበር። በሆዳቸው ተጋደሙበት። ውሃው እስከ ጎናቸው መጣ፣ ታንኳዋ ግን ያዘች።

መሬቱን መግፋት ያን ያህል ከባድ ሆኖ አያውቅም። መሃል መንገድ ላይ ምን ነበር ያየሽው አሉኝ። ጥምጣምዎን አልኳቸው። ጉልበታቸውን ዳሰስ አድርገው ትንሽ ሳቁ፤ ሳቁ በሳል አለቀ። እሳቸውም ያችን ወፍ ሲያዩ ነበር ያመሹት፤ ነጭ ነገር በፊላው ላይ ብቅ ሲል አንድ ሰው ሊወስዳቸው የመጣ መስሏቸው ሁለት ጊዜ ተጣርተዋል። ይህን ሲነግሩኝ ማልቀሴን ተውኩ።

ገመዱን ካሰርኩበት አገኘሁት። ፈትቼ ታንኳዬ ላይ ሳስረው ከሩቅ የአዳዳ ፋጤ ድምፅ ሰልሎ ይመጣ ነበር፤ ሳታቋርጥ ስትጣራ ነበር ለካ። «ጅራ!» አልኳት። «ጅረ! አለን!» ገመዱ ተወጠረ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሳበን።

ዳሩ ላይ ሰው ሁሉ ቆሟል። ቂጣው ትሪው ላይ እንደተቆረሰ ነው፣ ወተቱ ስልባቦት ይዞ ነበር። እኔ አጣምሜ የተከልኩትን በትር አዳዳ ፋጤ ቀጥ አድርጋ፣ በድንጋይ መትታ ተክላው አገኘሁት። ሉባባ አጠገቡ ቆማለች፤ እጇን ወደ ኋላዋ አድርጋ ነበር።

ሁለት ወንዶች አባ እንድሪስን ሊሸከሟቸው ጎንበስ ሲሉ አይሆንም አሉ። በአዳዳ ፋጤ ትከሻ ተደግፈው አንድ እግራቸውን አወረዱ። ከዚያ የታመመውን። ሁለቱም እግራቸው ጭቃው ላይ ሲያርፍ በትራቸውን አዩት።

«ዘይነባ ትንቀለው» አሉ ስሜን ጠርተው።

አንዱ ሽማግሌ፣ ዛሬስ እሷ ባትነካው ምናለ ብለው አጉረመረሙ።

«እግሬ መሬት ሲነካ ከሁሉም ቀርባ ያየች እሷ ናት» አሉ አባ እንድሪስ። «ትንቀለው።»

ሄድኩ። ከመንቀሌ በፊት ዞሬ እግራቸውን አየሁ፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ጣታቸው መሃል የገባውን ጭቃ ሳይቀር። አዳዳ ፋጤ በጥልቁ መትታው ስለነበር በሁለት እጄ ነው የወጣልኝ። በእጃቸው ሰጠኋቸው። ምርቃቱን ማንም አላስታወሰውም፤ እኔም አልቆጠርኩም።

አዳዳ ፋጤ ዳሩን አየች። ዘወር አለችና እንደገና አየች። ከዚያ እስከ ጭቃው ወርዳ በትር ቆሞበት የነበረውን ጉድጓድ ሁሉ አንድ በአንድ በእግሯ ዳሰሰች። ስትመለስ ዓይኗ እርጥብ ነበር።

«ባዶ ነው» አለች። «ብሉ።»